እቁብ አለብኝ

ጥያቄው የተነሳው ቡና ላይ ነው። እኛ ሂሳብ ክፍል አራት ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። ኦዲተር ቢመጣም ይፈላል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ አለን፤ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ ቀና አለና «አንቺ ግን ከደሞዝሽ ስንት ፐርሰንት ትቆጥቢያለሽ?» አለኝ።

ሳቅሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ሳቅ ነው።

እሱ ግን የምሩን ነው። ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ የሚባል ደንብ አለ አለኝ። ከገቢሽ ሃምሳው ለግድ ወጪ፣ ሠላሳው ደስ ለሚልሽ ነገር፣ ሃያው ለቁጠባ። ቀጠለና «እኔ እንኳን አርባ በመቶ ነው የምቆጥበው» አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ስኒዋን ከአፏ ሳታነሳ «ኪራይ ትከፍላለህ እንዴ?» አለችው። አይከፍልም። እናቱ ቤት ነው የሚኖረው። ምሳውን እንኳን የሚቋጥሩለት እናቱ ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ስንት እንደሚቆጥብ ማወቅ የፈለገ ደሞዙን አይጠይቅ። ኪራይ ይከፍላል ወይ ብሎ ይጠይቅ። አንዱ ወላጆቹ ቤት፣ ሌላው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር ሁለት ሰው ፔሮል ላይ ወንድማማች ይመስላል። ወሩ ሃያ ሲሆን ግን አንዱ ጫማ ይገዛል፣ ሌላው ብድር ይጠይቃል።

ያም ሆኖ ጥያቄው አልለቀቀኝም። በሂሳብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የስድሳ ሰው ፔሮል እሠራለሁ። የጥበቃው እጅ ላይ በወር ስንት ብር ከስንት ሳንቲም እንደሚደርስ በቃሌ አውቃለሁ። ስለ ራሴ ቤት ስጠየቅ ግን የምናገረው ቁጥር አልነበረኝም። ይሄ ትንሽ አሳፈረኝ።

ጊዜው ነሐሴ 2016 ነበር። ለልጆቹ ደብተር ስንገዛ ለራሴም ባለ ሃምሳ ሉክ አንድ ጨመርኩ። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 የገባውንና የወጣውን ልጽፍ ወሰንኩ። ባለቤቴ «ሁለት ሳምንት» ብሎ ገመተ። ዓመቱን ሙሉ ጻፍኩት።

ደሞዝ አይነገርም ይባላል። ስሜን ስላልጻፍኩ ልናገር። ቁጥር የሌለው የቁጠባ ወሬ ዞሮ ዞሮ ምክር ነው የሚሆነው፤ ምክር ደግሞ ሁላችንም ጠግበናል።

ደብተሩን ስጀምር እንዲህ ነበር። የእኔ ያልተጣራ ደሞዝ 22,000 ብር። ከዚያ ላይ በወቅቱ የሥራ ግብር 6,200፣ ጡረታ 7 በመቶ ማለትም 1,540 ብር ይነሳ ነበር። እጄ የሚደርሰው 14,260 ነው። ባለቤቴ የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ 14,000 ተጽፎለት 9,620 ይዞ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ደግሞ ማታ ማታ ልጆች ያስጠናል፤ እሱ 4,000 ይሆናል። በደጉ ወር ቤታችን የሚገባው 27,880 ብር ነው።

አሁን የሚወጣው። ኪራይ 10,000። አስቤዛ 8,000። የልጆቹ ትምህርት 2,000፤ አባታቸው እዚያው ስለሚያስተምር ቅናሽ አላቸው። ታክሲና አውቶብስ 2,200። እቁብ 3,000። ለእማዬ 1,500። የኮንዶሚኒየም ቁጠባ 274። እድር 100። መብራት፣ ውሃና ስልክ አንድ ላይ 700። ደምሩት። 27,774 ይመጣል።

የሚቀረው 106 ብር ነው።

ይሄ ደግሞ ማንም ያልሞተበት፣ ማንም ያላገባበት፣ ልጅ ያላሳለው፣ በዓል ያልዋለበት ወር ነው። እንዲህ ያለ ወር በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እኔ ደብተሬ ላይ ቆጥሬዋለሁ። ሦስት።

መስከረምን ተዉት። መስከረም ወር አይደለም፤ ጎርፍ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ መስቀል፣ አንድ ላይ ይመጣሉ። ከመስከረም በፊት ደግሞ ጳጉሜን አለች። ፈረንጅ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላችሁ ሕዝቦች እያለ ያደንቀናል። ደሞዝ ያለው ግን አሥራ ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። የነሐሴ ደሞዝ ጳጉሜንን ተሸክሞ፣ መስከረምን ሙሉ እየተጎተተ መድረስ አለበት። እኔ ፔሮል ስለምሠራ በዚያ ሰሞን የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። «አድቫንስ ይቻላል?» የሚለው ድምፅ ከነሐሴ 25 ጀምሮ በራችን ላይ አይጠፋም።

ደብተሩን ስጀምር ባንክ ውስጥ 11,200 ብር ነበረን። «ለክፉ ቀን» የምንለው እሱን ነው። የነገሩ አሽሙር ግን ከዚያ በፊት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የክፉ ቀን ገንዘባችን ወደ 200 ዶላር ይጠጋ የነበረው ወደ 100 ግድም ወረደ፤ እኛ አንድ ብር ሳንነካው። ዶላር ገዝቼ አላውቅም፤ ምን አገባኝ ማለት ይቻላል። ዘይቱ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። የልጁ ሽሮፕም ከውጭ ነው የሚመጣው።

የባንኩ ወለድ 7 በመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ያሳደገው ጊዜ ደስ ብሎን እንደነበር አስታውሳለሁ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ሰባት ከሠላሳ ላይ ሲቀነስ ምን እንደሚሆን ለማስላት የሂሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ጤፍ ቤት መሄድ ይበቃል።

ግን እውነቱን ልናገርና ያንን ገንዘብ ከዋጋ ንረቱ በላይ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ዘመድ ነው።

ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ደወለ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ 8,000 ብር ቸግሮታል። ያቺን ብር ባንክ እንዳለችን እንዴት እንዳወቀ እስካሁን አልገባኝም። «የለኝም» ልል አልቻልኩም፤ አለኝ እኮ። «ባንክ ያስቀመጥኩት ነው» ማለት ደግሞ ከ«የለኝም» ይብሳል። በእኛ ዘንድ ባንክ ያለ ገንዘብ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። የወንድም ሚስት ምጥ ላይ ሆና ገንዘብ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል? 4,000 ሰጠሁት። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ ደስ የሚል ወንድ ልጅ ነው። ብሩ እስካሁን አልተመለሰም።

መጋቢት ላይ ደግሞ የባለቤቴ ዘመድ መጣ። የሱ ጉዳይ ቀለል ያለ ነበር፤ ለንግድ ነው። ባለቤቴ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «እቁብ አለብኝ» አለው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «እሱማ እሱማ፣ እቁብ ካለብህ» አለና ቡናውን ጠጥቶ መርቆን ሄደ። ቅያሜ የለ፣ ማጉረምረም የለ።

ያን ዕለት ማታ ደብተሬ ኅዳግ ላይ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ባንክ አለኝ ያለ ይበደሩታል፤ እቁብ አለብኝ ያለ ይራሩለታል።» ሁለቱም ቁጠባ ነው። አንዱ ግን ሀብት ይመስላል፣ ሌላው ዕዳ። እዚህ አገር ለመቆጠብ ዕዳ ያለበት ሰው መምሰል ያስፈልጋል። እቁብን ብዙ ሰው ስለ ማኅበራዊ ትስስርና ስለ መተማመን ሲያወራ ይሰማል። ልክ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ጋሻነቱ ነው። ከዘመድ ይከልላል። ከራስም ይከልላል። ሸማ ተራ የቆመ ቀሚስ ፊት ቆሜ «እቁብ አለብኝ» ብዬ ስንት ጊዜ ለራሴ ተናግሬያለሁ።

የእኛ እቁብ አሥራ ሁለት ሰው ነው። በወር 3,000 እንጥላለን፣ በየወሩ ለአንዱ 36,000 ይወጣል። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሰብሳቢያችን ቤት እንገናኛለን። ሰብሳቢዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን ያሳለፈውን 100 ብር ይቀጡታል፣ ለቅሶ ነበርኩ ቢል እንኳን «ብሩን በሰው መላክ ይቻል ነበር» ይሉታል። የመጀመሪያው ወር ለድካማቸው የሳቸው ነው። የሌላው ስም በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ኩባያ ውስጥ ይገባል፣ ሕፃን ያወጣል። የደረሰው ዋስ ጠርቶ ይፈርማል።

ይሄ ሁሉ ሲታይ ጨዋታ ይመስላል። ውስጡ ግን ጥርት ያለ ባንክ ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ። መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ። መሀል ያሉት ግማሽ አበዳሪ፣ ግማሽ ተበዳሪ ናቸው። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት ዘመን ይሄን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም መጨረሻ የደረሰው «ተጠራቀመልኝ» ብሎ ይደሰት ነበር። አሁን ግን የነሐሴ እጣ የደረሰው ሰው 36,000 ብሩ መስከረም ላይ ይገዛ የነበረውን አይገዛም። ስለዚህ እጣ መሸጥ በዝቷል። የቸኮለው ሰው ለደረሰው ሰው ሁለት ሦስት ሺህ ጨምሮ ተራውን ይወስዳል። ወለድ ነው። ወለድ ብሎ የሚጠራው ግን የለም። ሰብሳቢያችን «መተባበር» ይሉታል።

ለእኔ የደረሰኝ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ክፉ አይደለም። 14,000ው ለልጆቹ ምዝገባና ዩኒፎርም ሄደ። 9,000ው ለእማዬ የዓይን ሞራ። 8,000ው ክረምት ላይ ማስጠናት ሲቆምና በየበዓሉ የተቀደደውን ለመጣፍ። 5,000ው ባንክ ገባ።

እማዬን ካነሳሁ ላይቀር። እማዬ ያሳደገችን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጌሾና ብቅል እየሸጠች ነው። የሷ ባንክ መቀነቷ ነበር። ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ ነበረው። አንዱ የመነሻ ነው፤ በሚቀጥለው ገበያ ጌሾ የሚገዛበት። ሁለተኛው የእቁብ ነው። ሦስተኛው የእኛ፤ የዳቦው፣ የጋዙ፣ የእስክሪብቶው። ሦስተኛው ቋጠሮ ሲያልቅ አለቀ ነው። የመነሻውን ፈትታ ዳቦ ስትገዛ አይቼ አላውቅም። ሳንበላ ያደርንበት ቀን ነበር፤ ያን ቀንም ቋጠሮው እዚያው ወገቧ ላይ ነበር። ልጅ ሆኜ ይሄን እንደ ጭካኔ ነበር የምቆጥረው። አሁን የድርጅት ሂሳብ ስሠራ፣ ባለቤቶቹ የሥራ ማስኬጃውን እያነሱ መኪና ሲገዙበት ሳይ፣ እማዬ የሠራችውን አንድም አስተዳዳሪ ሲሠራው አላየሁም።

ለዓይኗ አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ደብተሬን አየችው። ባለ መነጽር ሆና ገጾቹን ገለጠች፤ ማንበብ አትችልም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። «እማዬ፣ ያኔ በወር ስንት ትቆጥቢ ነበር?» አልኳት።

«ወር?» አለች። «እኔ ወር የማውቀው ለእድር ነው።»

እውነቷን ነው። ገቢዋ በገበያ ቀን ነበር የሚቆጠረው። በዓል ሲቃረብ ጌሾ ይነሳል፤ ጾም ሲገባ ይተኛል። ደሞዝተኛ ያልሆነውን ሰው፣ አገሩ የሞላው ደግሞ እሱ ነው፣ «ከወር ገቢህ ስንት በመቶ» ብሎ መጠየቅ ዓሣን ስለ ጫማ ቁጥሩ እንደ መጠየቅ ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2005 ምዝገባው ሲከፈት እኔ ገና ላጤ ነበርኩ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ ተከፍሎ ነበር። 20/80 ባለ አንድ መኝታ ተመዘገብኩ፤ በወር 274 ብር። 20 በመቶውን አንተ ትቆጥባለህ፣ 80ውን ባንክ ያበድርሃል። ያኔ ያልተጣራ ደሞዜ 2,400 ብር ነበር። 274 ማለት ከመቶ አሥራ አንድ ማለት ነው። ያንን ልጅ፣ የሃምሳ ሠላሳ ሃያውን ማለቴ ነው፣ ያኔ ባገኘው አፌን ሞልቼ እመልስለት ነበር። ምሳ ከቤት እየያዝኩ፣ በእግሬ እየሄድኩ፣ አንድ ወር አልዘለልኩም።

እስካሁንም አልዘለልኩም። 274ቷ ብር ግን ከዓመት ዓመት እየቀለለች ሄዳ ዛሬ ለሁለት ሰው በየዓይነቱ አትበቃም። የቤቱ ዋጋ ደግሞ በየዙሩ ጨመረ። እጣው አልደረሰኝም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ እንቁላል አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እግር አላወጣም። ለምን አላቆምሽም ትሉኛላችሁ። ማቆም ማለት አለመድረሱን በገዛ እጄ መፈረም ነው። 274 ብር ደግሞ ለተስፋ ውድ አይደለም።

ሐምሌ 2017 ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ተፈጠረ። አዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ አለ፣ የ35 በመቶው መነሻም ከ10,900 ወደ 14,000። ሂሳቡን ለስድሳ ሰው ስሠራ አንድ ነገር ታየኝ። ደሞዙ 14,000ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ ልዩነቱ እኩል 550 ብር ነው። ለእኔ 550፤ ለሥራ አስኪያጁም 550። ባለቤቴም ልክ 14,000 ላይ ስለሆነ ለሱም 550። ቤታችን በወር 1,100 ብር ጨመረ ማለት ነው። ምንም ያላሰብነው፣ ከዚያ በፊት ያለሱ ስንኖር የነበረው ገንዘብ። ቁጠባ ከዚህ የቀለለ ዕድል አያገኝም። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ሳንዱቅ የሚሉትን የቴሌብር ቁጠባ ከፍቶ «እዚህ ይግባ» አለ።

ሐምሌ ላይ ገባ። ነሐሴ ላይ ወጣ። እንዴት እንደወጣ ደብተሬ ላይ አለ፦ ዘይት፣ የውሃ ቧንቧ ሠሪ፣ ልደት፣ ዘይት። ያው ስልክ ላይ ከሳንዱቁ ጎን እንደኪሴ የሚባል የብድር አገልግሎት አለ። ማስቀመጫና መበደሪያ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጣት የትኛውን እንደሚነካ የታወቀ ነው።

ማስታወሻዬን ልዘጋ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ጳጉሜን 4፣ የህዳሴው ግድብ ተመረቀ። ቴሌቪዥን ከፍተን እያየን ቦንዴ ትዝ አለኝ። ግድቡ በ2003 ሲጀመር አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ እንደ ሁሉም ሰው የአንድ ወር ደሞዜን በዓመት ከፋፍዬ ሰጥቻለሁ። ከአሥራ ሁለት አንድ፤ 8.3 በመቶ። ይቺንም ከቁጠባ እንቆጥራት ይሆን ብዬ ወረቀቱን ፈለግሁ። ከተከራየናቸው አራት ቤቶች አንዱ ውስጥ ቀርቷል። ግድቡ ግን አለ።

ጳጉሜን 5 ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደመርኩ።

የዓመቱ የተጣራ ገቢያችን 324,760 ብር። በዓመቱ ውስጥ ባንክ ያስገባነው 5,000 ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ 3,288። አንድ ላይ 8,288። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ 2.6 በመቶ ነው። በእጅ የሚዳሰሰው እሱ ነው።

ግን ቆይ አልኩ። በዓመት 36,000 ብር እቁብ ጥያለሁ። መጣል መቆጠብ ካልሆነ ምንድን ነው? ባንክ የገባው 5,000 ከዚያው የመጣ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አልቆጥረውም። እቁቡና ኮንዶሚኒየሙ 39,288 ይሆናል። 12.1 በመቶ። ተሻለ። ባለቤቴ «እቁቡ ተበልቷል እኮ» አለ። ተበልቷል። እናቴ ግን እያየች ነው። ሳልቆጥብ ከየት አመጣው ነበር?

ጡረታስ? በወር ከሁለታችን 2,520 ብር ይነሳል፤ በዓመት 30,240። ድርጅቶቹ የሚያዋጡትን 11 በመቶ ተዉት፣ የራሳችንን ብቻ። እሱን ከገቢውም ከቁጠባውም ላይ ስደምረው ገቢው 355,000 ብር፣ ቁጠባው 69,528 ሆነ። 19.6 በመቶ! ለሃያ ትንሽ ጎደለች። የአጎቴን ልጅ 4,000 ብር እንደ ተሰብሳቢ ሂሳብ ብይዘው ሃያን እዘላለሁ። ጽፌው ነበር። ከዚያ ሰረዝኩት። የማይሰበሰብ ነገር አይደመርም።

አንድ ቤት፣ አንድ ዓመት፣ ሦስት መልስ፦ 2.6፣ 12.1፣ 19.6። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ እፈርምባቸዋለሁ። ልጁ ቢጠይቀኝ የትኛውን እንደምነግረው ግን አላውቅም።

ከቤተሰባችን ትልቁን የቆጠበችው ሰው ታናሽ እህቴ ናት። ይሄን የተረዳሁት ያን ማታ ነው። ከ2006 ጀምሮ ስድስት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታለች። ደሞዟ በወር 150 ዶላር ነበር። መቶውን ትልክ ነበር። ከመቶ ስልሳ ሰባት። እንዲህ ያለ ፐርሰንት በየትኛውም ቪዲዮ ላይ የለም። በሷ ብር የእማዬ ቤት ጣሪያው ተቀየረ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ወንድማችን ባጃጅ ገዛ፣ ባጃጁ ተገለበጠ፣ የአያታችን ተዝካር ወጣ። በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ አሠሪዎች ደሞዝ መክፈል አቃታቸው፣ ስንቶቹን የእኛን ልጆች አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ጣሏቸው። እሷ በዚያ ዓመት መጨረሻ በአንድ ሻንጣ ተመለሰች። ኤርፖርት የተቀበልኳት እኔ ነኝ። በስሟ የተከፈተ የባንክ ደብተር አልነበረም። ማናችንም አልከፈትንላትም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ላከች ወይ?» ነው የምንባባለው እንጂ «አስቀመጥንላት ወይ?» ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም። የሂሳብ ሰው ነኝ ባይዋ እኔ።

አሁን መገናኛ አካባቢ ቡና ታፈላለች። አራት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ ጀበና ይዛ ጀምራ ዛሬ ዘጠኝ በርጩማ አላት። ስለ ገንዘብ አታወራም። ዘመድ ሲደውልላት «ቸግሮኛል» ትላለች፣ ቀድማ።

እንቁጣጣሽ ማግስት ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ 2.6ቱን፣ 12.1ዱን፣ የአጎታችንን ልጅ። እየቆላች ሰማችኝ። ስጨርስ «አንቺስ? በቀን ስንት ትቆጥቢያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን አለኝ?» አለች።

ወዲያው አንድ ጎረምሳ ብጣሽ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። የቀን እቁብ ሰብሳቢ ነው፤ በረድፉ ካሉት ጀበናዎች ሁሉ እየለቀመ ነው የመጣው። እህቴ ከበርጩማዋ ተነሳች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከወገቧ የሆነ ነገር ፈታች፣ ቆጠረች፣ አጣጥፋ ሰጠችው። ልጁ ጻፈና ሄደ። አንገቴን ባሰግግም አላየሁም።

«ስንት ነው የምትጥዪው?» አልኳት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ረከቦቱን አስተካከለች። ሁለተኛውን ስኒ ቀድታ ሰጠችኝ።

«እቁብ አለብኝ» አለች።